በከተማው ዳር ጊዜያዊ የክትባት ጣቢያ የት እንትከል? ማንንስ እንመድብ?

የክትባት አስተባባሪ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ከቦሌ አራብሳ ወዲያ ባለው የከተማዋ ዳር፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ሥራ አስተባብራለሁ። ከ9 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ከፊታችን አለ። በዚያው አጋጣሚ መደበኛ ክትባታቸውን ያቋረጡትንና ጭራሹኑ ያልጀመሩትን ልጆች ፈልገን ማግኘት እንፈልጋለን። ከጤና ጣቢያው ቅጥር ውጭ ሦስት ጊዜያዊ ጣቢያዎች እንድንከፍት ተፈቅዶልናል። የት እንክፈታቸው በሚለው ላይ ግን ከባልደረቦቼ ጋር መስማማት አቅቶናል።

አካባቢው ሦስት ዓይነት ሰው የሚኖርበት ነው። በአንድ በኩል ሰው የገባባቸው ኮንዶሚኒየሞች አሉ። ከወንዙ ማዶ የጨረቃ ቤቶችና ከድሮ ጀምሮ የነበሩ የገበሬ ቤቶች ይገኛሉ። በመካከሉ ደግሞ የፋብሪካ ሠራተኞች ክፍል እየተከራዩ የሚኖሩባቸው የቆርቆሮ ቤቶች ተደርድረዋል። በስብሰባው ላይ የቀረቡት አማራጮች የወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤትና የሚኒባስ ተራው አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ናቸው። ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ወረዳውን የመረጡት ጥበቃ፣ መብራትና መጸዳጃ ቤት ስላለው ነው።

መርፌ መውጋት የሚችሉ ስድስት ባለሙያዎችና ለምዝገባ የሚሆኑ አምስት ሰዎች አሉን። ጤና ጣቢያውን ባዶ አድርገን መውጣት ደግሞ አንችልም። የተሰጠን የሕፃናት ቁጥር ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ተነሥቶ በትንበያ የተሠራ ነው። በዚያ ጊዜ አሁን ፎቅ የቆመበት ቦታ ጤፍ ይዘራበት ነበር። እንግዲህ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ነርስ ከአያት

ወረዳውን ተዉት። ይህን የምለው ብዙ ዘመቻ ላይ ስለሠራሁ ነው። በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ጥበቃው «መታወቂያ?» ይላል። የነዋሪነት መታወቂያ የሌላት ተከራይ እናት እዚያው በር ላይ ትመለሳለች። ጥበቃው ባይጠይቃት እንኳን እንደሚጠይቃት ታስባለችና አትመጣም። የጨረቃ ቤት ነዋሪዋማ ቤቷ ይፈርሳል የሚለውን ወሬ የሰማችው ከዚያው ጽሕፈት ቤት ነው። ልጇን አዝላ ወደዚያ ግቢ ትገባለች ብላችሁ አትጠብቁ። ጥበቃና መብራት የሚጠቅመው ለእኛ ነው፤ ጣቢያው ደግሞ የሚከፈተው ለእነርሱ ነው።

ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፤ ክፍል፣ ወንበርና ውኃ አለው። ተማሪው በሚማርበት ቀን ከሆነ ግን ከመምህራኑ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። አለበለዚያ በእረፍት ሰዓት ሰልፉና የተማሪው ሩጫ ይደባለቃል።

የካርታ ሰው

ሥራዬ የከተማ ፕላን ነው፤ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ስለ ቦታ አመራረጥ ግን የማውቀውን ልበል።

የመጀመሪያው ነገር ርቀትን በካርታ ላይ በማስመሪያ አትለኩ። ከወንዙ ማዶ ያለችው እናት በማስመሪያ ሲለካ ከኮንዶሚኒየሟ እናት እኩል ቅርብ ልትመስል ትችላለች፤ በእግሯ ስትሄድ ግን ድልድይ ፍለጋ ዞራ ነው የምትመጣው። ስለዚህ አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ በደቂቃ ይለካላችሁ፤ ልጅ ያዘለ ሰው ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ነገር አማካይ ርቀትን ብቻ ካያችሁ ሦስቱም ጣቢያዎች ኮንዶሚኒየሙ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ሰው የሚበዛው እዚያ ነውና። አማካዩ ያምራል፣ ሪፖርቱም ያምራል፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ልጆች ግን እንደ ወትሮው ሳይከተቡ ይቀራሉ። እኔ ብሆን ሁለቱን ጣቢያዎች ሰው በሚበዛበት አደርግና ሦስተኛውን ከሁሉም ለራቁት ሰዎች ብቻ ብዬ እተክለዋለሁ። በቀን ጥቂት ልጅ ብቻ ቢመጣበትም ከስሯል አይባልም። ኩፍኝ እጅግ ተላላፊ ነው፤ ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ልጆች 95ቱ መከተብ አለባቸው ይባላል። የቀሩት ልጆች በየቦታው ቢበተኑ አደጋው ያነሰ ነበር፤ በአንድ መንደር ሲከማቹ ግን ወረርሽኙ የሚነሣው ከዚያው ነው።

ሦስተኛው ነገር የሰው ኃይሉ ነው። አንድ ጣቢያ በቀን 150 ልጅ ይመጣበታል ብለን እንነሣና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሥራ። ለስድስት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 25 ልጅ ይሆናል፤ አንድ መርፌ ሦስት ደቂቃ ከወሰደ አንድ ከታቢ በሰዓት 20 ስለሚደርስ፣ ሁለት ከታቢ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል እንላለን። ግን ሰው ተራርቆ ይመጣል ወይ? ነርሶች መልሱልኝ።

ነርስ ከአያት

በጭራሽ። ግማሹ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው የሚመጣው። እናቶች ፀሐይ ሳይበረታ ጨርሰው ምሳ ወደ መሥራት መመለስ ይፈልጋሉ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከታቢው ቁጭ ብሎ መንገድ ያያል።

ሦስት ደቂቃውን ለመርፌው ብቻ ካልከው እስማማለሁ። በዘመቻ ጊዜ ግን ቫይታሚን ኤ አለ፤ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ለሞላቸው የሆድ ትል መድኃኒትም ይጨመራል። የቫይታሚኑ መጠን በዕድሜ ይለያያል፤ ዓመት ላልሞላው ሰማያዊው እንክብል፣ ዓመት ለሞላው ቀዩ ነው። ይህን ሁሉ ለከታቢዋ ከሰጣችኋት ሰልፉ መንገድ ይደርሳል።

የካርታ ሰው

እንግዲያው ስሌቱ ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት 75 ልጅ ማለት በሰዓት ወደ 38 ነው። ጠዋት ሁለት ከታቢ ለጥቂት ይደርስበታል። ከዚያ በኋላ ያለው 75 በቀሪው አራት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 19 ስለሆነ አንድ ከታቢ ይበቃል። ስለዚህ ስድስቱን ባለሙያዎች ጠዋት ሁለት ሁለት አድርጋችሁ መድቧቸው። ከቀትር በኋላ ከየጣቢያው አንድ አንድ ሰው ይለቀቃል፤ ያ ሰው ወይ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሳል፣ ወይ ቤት ለቤት ፍለጋ ይወጣል።

ዋናው ጭንቅ ግን ምዝገባው ነው። ካርድ ለሌለው ልጅ አዲስ ካርድ መጻፍ፣ መዝገብ ላይ ማስፈርና ዕድሜ ማጣራት አራት ደቂቃ ቢወስድ አንድ መዝጋቢ በሰዓት የሚደርሰው 15 ልጅ ብቻ ነው። በሰዓት 38 ልጅ ከመጣ ለአንድ ጣቢያ ሦስት መዝጋቢ ያስፈልጋል ማለት ነው። እናንተ ለሦስት ጣቢያ ያላችሁ አምስት ነው። መርፌ የሚወጋ ሰው ይጨመርልን ብላችሁ ስትጠይቁ ሰልፉ የቆመው በእስክሪብቶ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ወንበርንም አስቡ። ከክትባት በኋላ ልጁ ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት። በሰዓት 38 ልጅ የሚከተብ ከሆነ በማንኛውም ቅጽበት ወደ 10 የሚጠጉ እናቶች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጥላና አግዳሚ ከሌለ አይቆዩም፤ ልጁ መንገድ ላይ ቢታመም ማን ያየዋል?

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁም ስለ ጠዋት ታወራላችሁ። እኔ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፤ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚገቡት አንዷ ነኝ። እንደ እኔ ያሉ እናቶች ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማሽን ላይ ነን። ልጁን የምትጠብቀው ወይ ጎረቤት ናት ወይ ከገጠር የመጣች ታናሽ እህት። እርሷ ካርዱ የት እንዳለ አታውቅም፤ «የመጨረሻው ክትባት መቼ ነበር?» ብትባልም መልስ የላትም። አንድ ቀን ከቀረን ደግሞ ደመወዝ ይቆረጣል።

ሌላም ልንገራችሁ። ሁለተኛውን ልጄን ለዘጠኝ ወሩ ክትባት ፈቃድ ለምኜ ወሰድኩት። «ለአንድ ልጅ ብልቃጥ አይከፈትም፣ ሐሙስ ነዪ» አሉኝ። ሐሙስ ከየት አመጣለሁ? የቦታውን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቦታ ችግር ብቻ አይመስለኝም። እናት አንድ ጊዜ እንደዚያ ከተመለሰች ሁለተኛ ለመምጣት ልቧ ይከብዳል። ጣቢያውን ደጃፋችን ብትተክሉትም በሥራ ሰዓት ብቻ ከከፈታችሁት ለእኛ ዝግ ነው። እሑድ ክፈቱልን፤ ካልሆነም ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ።

የቀዝቃዛ ሰንሰለት ባለሙያ (ክትባት እንዳይበላሽ በቅዝቃዜ የሚጠብቅ)

እህቴ፣ የደረሰብሽ ነገር ያሳዝናል፤ መሆንም አልነበረበትም። ምክንያቱን ላስረዳና መፍትሔውን ልጠቁም።

የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ ይመጣል፤ አንዱ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ 10 ልጅ የሚከትብ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ የተበጠበጠው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢተርፍም ይደፋል። ቢሲጂም (የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱ) እንደዚሁ ነው፤ የእርሱ ብልቃጥ ደግሞ 20 ልጅ ይይዛል። ባለሙያው ዘጠኝ መጠን ከሚደፋ አንዷን እናት መመለስ ይቀለዋል፤ ብክነት ሲበዛበት ይጠየቃልና። መመሪያው ግን ግልጽ ነው፦ ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጥ ይከፈታል። ብክነቱ በእቅድ ውስጥ አስቀድሞ ይታሰባል። አስተባባሪ ሆይ፣ ይህን በስብሰባ ላይ በቃል ብቻ አትበል፤ በጽሑፍ አድርገህ በየጣቢያው ለጥፈው። ባለሙያዎቹ «ብትጠየቁ ተጠያቂው እኔ ነኝ» የሚል ኃላፊ ሲያገኙ ነው የሚከፍቱት።

ስለ ማጓጓዣው ጥቂት ልጨምር። በመያዣው ውስጥ ያለው ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ ፔንታን (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለውን) እና የሳንባ ምች ክትባትን ግን ከሙቀት ይልቅ በረዶ ነው የሚያጠፋቸው። የበረዶ መያዣውን ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ወዲያው አትክተቱት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና በየመካከሉ አንሥታችሁ በጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ ውስጡ ውኃ ሲንቀሳቀስ ከሰማችሁ ያን ጊዜ ይገባል። መበጥበጫው ፈሳሽም ከክትባቱ ጋር የመጣው፣ የዚያው ፋብሪካ ምርት መሆን አለበት፤ አስቀድሞም ይቀዝቅዝ። መያዣው በየደቂቃው አይከፈት፤ የተከፈተው ብልቃጥ ላዩ ላይ ባለው ስፖንጅ ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጥ። በየጣቢያው የመርፌ ማስወገጃ ሣጥንና አድሬናሊን ያለበት የድንገተኛ ሕክምና ዕቃ ሳይኖር ሥራ አይጀመር።

ለሦስቱም ጣቢያዎች ለቀኑ የሚበቃውን ሁሉ በጠዋት አትጫኑ። ግማሹን ይዘው ይውጡ፤ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ባጃጅ ቀሪውንና የቀዘቀዘ የበረዶ መያዣ ያድርስ። ዝናብ ከሆነ ባጃጁ ከወንዙ ማዶ ስለማይደርስ ለዚያኛው ጣቢያ ብቻ ሙሉውን በጠዋት ስጡት።

ያገባኛል

ለምን እንደ ፖሊዮ ቤት ለቤት አትዞሩም? ጣቢያ ፍለጋው ሁሉ ይቀር ነበር።

ነርስ ከአያት

ፖሊዮ በአፍ የሚሰጥ ሁለት ጠብታ ነው፤ በር ላይ ቆሞ አድርሶ፣ ጣት ላይ ቀለም ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ቤት ይኬዳል። ኩፍኝ መርፌ ነው፤ መበጥበጥ፣ በንጹሕ ቦታ መውጋት፣ ያገለገለውን መርፌ በአግባቡ ማስወገድና 15 ደቂቃ ማየት አለበት። ቤት ለቤት የሚኬደው ለመፈለግና ለመጥራት ነው፤ ክትባቱ የሚሰጠው ጣቢያ ላይ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ

ስለ ቁጥሩ የምናገረው አለኝ። በአሠራሩ አንድ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወደ 500 አባወራ ትይዛለች። አዲስ ሰፈር ላይ ግን 500 የነበረው በአንድ ክረምት እጥፍ ይሆናል፤ መዝገቡ ላይ ግን ያው 500 ነው። ከዚያ ሪፖርት ሲሠራ ከመቶ በመቶ በላይ ከተበ ይባላል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ኩፍኝ ሲነሣ ግን ከየት መጣ ይባላል። የምናካፍልበት ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ብቻ ነው ከመቶ የሚያልፈው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። በኮንዶሚኒየም ከብሎክ ተወካዩ ጋር በየፎቁ እወጣለሁ። ቤቱ ተዘግቶ ካገኘሁት በረንዳውን አያለሁ፤ የተሰጣ የሕፃን ልብስ ካለ ምልክት አድርጌ በማታ እመለሳለሁ። በጨረቃ ቤቶቹ የመብራት ቆጣሪ ቁጠሩ ቢሏችሁ አትመኑ፤ በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ ይኖራል። በሩን ማንኳኳት ብቻ ነው የሚያዋጣው። ከሱቅ ነጋዴዋ ጠይቁ፤ ለሕፃን የሚሆን ነገር ማን እንደሚገዛት ታውቃለች።

የምዝገባውን ችግርም ከዚሁ ጋር ፍቱት። ከዘመቻው በፊት ባለው ሳምንት ቤት ለቤት ስንሄድ የልጁን ስም፣ የተወለደበትን ወርና የጎደለውን ክትባት በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ለእናትየዋ እንስጥ። ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ መዝጋቢው የሚገለብጠው ብቻ ነው፤ አራቱ ደቂቃ ወደ አንድ ወይም ሁለት ይወርዳል። ያቋረጡትንም በዚያው ታገኟቸዋላችሁ። በተለይ በ15 ወር የሚሰጠውን ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት አጣሩ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል፤ ግን ብዙ እናቶች የዘጠኝ ወሩን ከወሰዱ በኋላ ክትባት አለቀ ብለው ካርዱን ያስቀምጡታል።

የኮዬ ነዋሪ

እኛ ዘንድ ያለውን ችግር ካልነገርኳችሁ ቅር ይለኛል። ኮዬ ፈጬ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናት፤ ሥራችን፣ ገበያችንና ዘመዶቻችን ግን አዲስ አበባ ናቸው። ልጅ እዚህ ተወልዶ የመጀመሪያውን ክትባት እዚያ፣ ሁለተኛውን እዚህ ይወስዳል። ሦስተኛውን ለማስከተብ ስንሄድ «የተመዘገበው እኛ ዘንድ አይደለም» እንባላለን። ከሐዋሳና ከደብረ ብርሃን ካርድ ይዘው የመጡ ተከራዮችም እንደዚሁ ይመላለሳሉ። በሽታው ድንበር የለውም፤ እባካችሁ የእናንተ ጣቢያ ላይ «ከየት ነው የመጣሽ?» የሚለው ጥያቄ ለመመለስ ሳይሆን ለመመዝገብ ብቻ ይጠየቅ።

ደግሞም ብዙ ጎረቤቶቻችን አፍ የሚፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው። በየጣቢያው ቢያንስ አንድ ቋንቋውን የሚችል ሰው ይኑር። ከክትባት በኋላ ትኩሳት ሊኖር እንደሚችልና ምን መደረግ እንዳለበት እናትየዋ በሚገባት ቋንቋ ካልተነገራት ልጁ ማታ ሲያተኩስ መርፌው ነው የሚወቀሰው፤ በማግሥቱ ጎረቤት ሁሉ ይቀራል።

የእድር ጸሐፊ

እኛ ድንኳን፣ አግዳሚና ጠረጴዛ አለን። ለቅሶ ከሌለ ለእናንተ ይሁን፤ ለቅሶ ከደረሰ ግን አንዱን ድንኳን እንወስዳለን፤ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊም አለ። መኪና ላይ በድምፅ ማጉያ ከሚለፈፈው ይልቅ ሰው የሚያውቀውን ሰው ይሰማል፤ «ነገ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከወፍጮ ቤቱ ጎን» ብሎ ሲናገር ቦታው ለማንም አይጠፋም።

ስለ ቀኑም ከወንዙ ማዶ ላሉት ገበሬዎች ተጠንቀቁ። ወር በገባ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን የሚያከብር ሰው በዚያ ቀን እርሻ አይወጣም። ከቅዳሴ መልስ ሁሉም በዚያው መንገድ ያልፋል። የማዶውን ጣቢያ በእንደዚህ ያለ ቀን ክፈቱ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ዓርብ ቀትር ላይ አታድርጉት። ካህናቱንና ኢማሙን እኔ አነጋግራለሁ። በገበያ ቀን ግን ሚኒባስ ተራው አጠገብ አትሞክሩ፤ ልጅ ይጠፋል።

የክትባት አስተባባሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከኃላፊዬና ከባልደረቦቼ ጋር ዛሬ ተነጋግረን የደረስንበትን ላካፍላችሁ።

የወረዳው ግቢ ቀርቷል። አንደኛው ጣቢያ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ስለሚሠራ ተማሪ አይኖርም፣ የፋብሪካ እናቶችም ይደርሳሉ። ሁለተኛው በሚኒባስ ተራው አጠገብ ከገበያ ቀን በስተቀር በሥራ ቀናት ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ተከፍቶ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ከሥራ የሚመለሰው ሰው የሚወርደው እዚያ ስለሆነ ነው። ሦስተኛው ከወንዙ ማዶ ወፍጮ ቤቱ ጎን በእድሩ ድንኳን ይሆናል፤ ቀኑንም በ21 አድርገነዋል። የካርታ ሰው እንዳለው ከትምህርት ቤቱ እስከዚያ አንዲት ባልደረባችን ልጇን አዝላ ሄዳ ትለካለች።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ከሰኞ ጀምረው ቁራጭ ወረቀቱን ያድላሉ። ለአንድ ልጅም ብልቃጥ እንዲከፈት የሚያዝ ደብዳቤ በኃላፊዬ ተፈርሟል። ከሌላ ቦታ የመጣ ልጅ ይከተባል፤ በመዝገቡ ላይ ለብቻው ዓምድ ከፍተንለታል፤ በየወሩ መጨረሻ ዝርዝሩን ለጎረቤት ጤና ጣቢያዎች እንልካለን።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ለማታውና ለእሑዱ ሥራ አበል አልተፈቀደም። በምትኩ የእረፍት ቀን እንስጥ ብለናል። ባለሙያዎቹ ይቀበሉታል?

ነርስ ከአያት

የእረፍት ቀኑ በቃል ከሆነ አይቀበሉትም። ዘመቻ ሲያልቅ ሌላ ዘመቻ ይመጣል፤ የእረፍቱ ነገር ይረሳል። የእያንዳንዱ ባለሙያ ስምና የሚያርፍበት ቀን በወሩ የሥራ ድልድል ላይ ከአሁኑ ይጻፍና ይፈረምበት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ከተራው ወደ ቤት የሚሄዱበትን ትራንስፖርትም አስቡ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ መንገዱም መብራት የለውም። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ የእኔን ስም ለመጀመሪያው እሑድ መዝግቡት። የምሠራው ሌላ ጤና ጣቢያ ስለሆነ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ የአለቃዬን ፈቃድ እኔ አገኛለሁ።

የክትባት አስተባባሪ

ሲስተር፣ ድልድሉ ነገ ተፈርሞ ይለጠፋል። ለማታው አምቡላንሱ ሥራ ላይ ካልሆነ እርሱ ያደርሳል፤ ሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ ባጃጁን በኮንትራት እንይዛለን። ደብዳቤሽን ጠዋት እልካለሁ።